ሸራና ሞተር፦ የአሮጌ ጀልባና የአዲስ ባለቤት ታሪክ

ሸራና ሞተር ሥራ የሚካፈሉበት ትንሽ ጀልባ በሰሜን አውሮፓ ባሕሮች ላይ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቷል። እንግሊዞች «ሞተርሴይለር» ይሉታል። ነፋስ ሲኖር በሸራ ይሄዳል፤ ነፋስ ሲያርፍ ወይም ፊት ለፊት ሲመጣ በናፍጣ ይገፋል፤ ብዙ ጊዜ ሁለቱንም ባንድ ላይ ይጠቀማል። አካሉ ወፍራምና ከባድ፣ ምሰሶው አጠር ያለ ነው። መሪውን የሚይዘው ሰው በመስኮት በተከለለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ስለሚቆም ዝናብ አይመታውም። ፍጥነት የሚወዱ ሰዎች ይህ ጀልባ በሸራም ቀርፋፋ፣ በሞተርም ቀርፋፋ ነው እያሉ ያሙታል፤ ሐሜቱም እውነትነት አለው። ዳሩ ግን ለፍጥነት ተብሎ የተሠራ አይደለም፤ እንዲያውም እገሌ ፈለሰፈው ማለት ያስቸግራል። የተወለደው ነባር የሸራ ጀልባ የገዛ ወይም የወረሰ ሰው ሆዱን ከፍቶ ሞተር ሲያስገባበት ነው። ጥገና ለሌሎች ጀልባዎች የእርጅና ጣጣ ሲሆን ለዚህኛው ግን የልደቱ ምክንያት ሆኗል። (ከዚህ በታች ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሞተር ከመምጣቱ በፊት የሰሜን ባሕር ዓሣ አስጋሪ ያደረው በነፋስና በክንዱ ነበር። በስኮትላንድ ምሥራቃዊ ጠረፍ ሄሪንግ የተባለውን ዓሣ የሚያሳድዱ ጀልባዎች እንደየአካባቢው የየራሳቸው ቅርጽ ነበራቸው፤ የአንዱ አካባቢ ጀልባ አፍንጫው ቀጥ ብሎ የቆመ፣ የሌላው ደግሞ የኋላ ጫፉ ጋደል ያለ ነበር። በ1879 ሎሲማውዝ በተባለችው የወደብ ከተማ ዊልያም ካምቤል የተባለ ጀልባ ሠሪ ሁለቱን አዳቅሎ አዲስ ዓይነት አወጣ። ጊዜው እንግሊዝ በደቡብ አፍሪካ ከዙሉዎች ጋር የምትዋጋበት ስለነበር ጀልባው «ዙሉ» ተባለ፤ ስሙም በዚያው ጸና። ትልልቆቹ ዙሉዎች ከ20 ሜትር በላይ ይረዝሙ ስለነበር ሸራቸውን ለመስቀል የሰው ጉልበት አልበቃ ብሎ በእንፋሎት የሚዞር የገመድ መጠቅለያ ተገጠመላቸው።

በኖርዌይ በኩል የሚጠራው ስም የኮሊን አርቸር ነው። አርቸር ከስኮትላንድ ፈልሰው ላርቪክ ከሰፈሩ ወላጆች በ1832 ተወለደ። መርከቦችን እየመሩ ወደብ የሚያስገቡ ሰዎች የሚጠቀሙባቸውን ጀልባዎች ሲያሻሽል ኖሮ በ1892 ለፍሪትዮፍ ናንሰን የዋልታ ጉዞ «ፍራም» የተባለችውን መርከብ ሠራ፤ በዓመቱ ደግሞ ዓሣ አስጋሪዎችን ከማዕበል የሚያወጣ የነፍስ አድን ጀልባ ወደ ውሃ አወረደ። ጀልባው ሁለቱም ጫፎቹ የሾሉ፣ ሆዱ ሰፊና ጥልቅ ስለሆነ ከኋላ የሚመጣ ማዕበል ሳይገለብጠው በግራና በቀኙ ተከፍሎ ያልፋል። ሞተር አልነበረውም። ሆኖም በኋላ ሞተርና ሸራ ለሚይዙ ብዙ ጀልባዎች ቅርጽ የሰጠው እሱ ነው።

የእነዚህ ጀልባዎች አካል ከባሉጥ እንጨት በተቀረጹ ጎድኖች ላይ ሳንቃ በሳንቃ እየተመታ የሚሠራ ነው። በሳንቃዎቹ መካከል ያለውን ክፍተት የሚደፍነው ወታፊው ነው። በቅጥራን የተነከረ ቃጫ ገምዶ ክፍተቱ ላይ ያጋድማል፤ አፉ ጠፍጣፋ የሆነ ብረት ይደቅንበትና በእንጨት መዶሻ እየመታ ወደ ውስጥ ያስገባዋል። ጎበዝ ወታፊ የሚሠራው በጆሮው ነው። ቃጫው ገና ልል ሳለ መዶሻው የታፈነ ድምፅ ይሰጣል፤ ጠበቅ ሲል ድምፁ ይጠራል። ያኔ ማቆም ያስፈልጋል፤ ከዚያ ካለፈ ሳንቃው ከጎድኑ ይላቀቃል። ሸራውም እንክብካቤ ነበረው፦ በየጊዜው በተቀቀለ የዛፍ ልጥ ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፤ ይህም ከሻጋታ ይጠብቀዋል። በድሮ ሥዕሎች ላይ የሚታየው ቡናማ ቀይ የሸራ ቀለም ከዚሁ የመጣ ነው እንጂ የውበት ምርጫ አልነበረም።

ባሕር አጠገብ ላላደገ ሰው እንግዳ የሚሆነው የእንጨት ጀልባ ዋና ጠላት ዝናብ መሆኑ ነው። እንጨት የሚያበሰብሰው ፈንገስ ጨው በጠገበ እንጨት ላይ አይለማም፤ በዚህም የተነሳ አንዳንድ ሠሪዎች በጎድኖቹ መካከል ሆነ ብለው ጨው ይሞሉ ነበር። ብስባሴው የሚጀምረው ከላይ፣ ዝናብ በወለሉ ስንጥቅ ገብቶ ጣውላ ሥር ከሚያቁርበት ቦታ ነው። የባሕር ውሃ በበኩሉ እንጨት ሰርስሮ የሚበላ ትል አለው፤ ለዚህም ቅጥራንና መርዛም ቀለም ይቀባል። ጀልባ መሬት ላይ ብዙ ከቆየ ደግሞ እንጨቱ ይደርቅና ይኮማተራል፤ እንደገና ውሃ ላይ ሲወርድ ሳንቃዎቹ አብጠው እስኪገጥሙ ድረስ ለቀናት ያፈሳል። ይህን የማያውቅ አዲስ ባለቤት ደንግጦ ስንጥቁን ሁሉ ጥርቅም አድርጎ ይወትፋል፤ እንጨቱ ሲያብጥ መሄጃ ያጣና ጎድኖቹን ይሰብራል።

ሞተሩ የመጣው በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ላይ ነው። በ1890 እንግሊዛዊው ኸርበርት አክሮይድ ስቱዋርት የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት የሞተር ዓይነት በስካንዲኔቪያ ፋብሪካዎች እጅ ገብቶ የዓሣ አስጋሪው ሞተር ሆነ። አሠራሩ ቀላል ነው። በሲሊንደሩ ራስ ላይ ያለውን የብረት አምፑል የመሰለ ጉልላት ሞተረኛው በፋኖስ እሳት ለደቂቃዎች ያግለዋል፤ ብረቱ ሲግል ከባዱን ጎማ በእጁ ያዞራል፤ ነዳጁ የጋለውን ብረት ሲነካ ይቀጣጠላል። ከዚያ በኋላ ሞተሩ የራሱን ሙቀት እየጠበቀ ይሠራል። ካንዴላ የለው፣ ባትሪ የለው፤ ርካሽ ነዳጅ ይበላል፤ ቢበላሽም የመንደር አንጥረኛ ይጠግነዋል። በግላስጎው ደግሞ በ1904 አውቶሞቢል ለመሥራት የተቋቋመው የዋልተር በርጊየስ ኩባንያ ብዙም ሳይቆይ ፊቱን ወደ ጀልባ አዞረ። «ኬልቪን» የተባለው ሞተሩ በቤንዚን ተነስቶ ሲሞቅ ወደ ነጭ ጋዝ የሚዞር ነበር፤ በ1907 የካምቤልታውን ዓሣ አስጋሪዎች ጀልባ ላይ ከተገጠመ በኋላ በስኮትላንድ ጠረፍ ሁሉ ተዛመተ።

ሞተሩ ግን በሸራ ለመሄድ በተሠራ አካል ላይ እንግዳ ሸክም ነበር። የፕሮፔለሩን ዘንግ ለማሳለፍ የጀልባውን የኋላ ጫፍ የያዘውን ምሰሶ መብሳት ያስፈልጋል፤ ያ ምሰሶ ደግሞ የሳንቃው ሁሉ ማሰሪያ ነው። አንዳንዶች ይህን ፈርተው ዘንጉን ከምሰሶው ጎን አስወጡት፤ ጀልባው በሞተር ሲሄድ ወደ አንድ ወገን የሚጎትት ቢሆንም ዋናው ማሰሪያ ሳይነካ ቀረ። ንዝረቱ ምስማሮችን አላላ። የሚንጠባጠበው ዘይትና ነዳጅ በጀልባው ሆድ ካለው ውሃ ጋር እየተደባለቀ እንጨቱ ውስጥ ሰረገ፤ ቀለምም አልይዝ አለ። የተማሩበት መፍትሔ ሞተሩ የሚቀመጥበትን ወፍራም ግንድ አስረዝሞ ክብደቱና ንዝረቱ በብዙ ጎድኖች ላይ እንዲከፋፈል ማድረግ ነበር። ሸራውን ግን አልጣሉትም፤ ነዳጅ ገንዘብ ነው፣ ሞተርም አይታመንም። የኋለኛዋ ትንሽ ሸራ መረብ በሚጎተትበት ሰዓት የጀልባውን አፍንጫ ወደ ነፋስ ታዞራለች፤ መንገድ ላይም ግራና ቀኝ መዋዠቁን ትቀንሳለች። ይህች ሸራ ሌሎቹ ከቀሩ በኋላ እንኳ በብዙ የሞተር ጀልባዎች ላይ ለረጅም ዘመን ቆይታለች።

አሮጌ ጀልባ ገዝቶ ሞተር አስገብቶ የዓለምን ታሪክ ከቀየሩት ሰዎች አንዱ ሮአልድ አሙንድሰን ነው። ጀልባዋ «ዮአ» ትባላለች። በ1872 በኖርዌይ ሮዘንዳል ተሠርታ ለዓመታት ስታገለግል ኖራለች፤ አሙንድሰን ራሱም የተወለደው በዚያው ዓመት ነው። በ1901 ሲገዛት ርዝመቷ 21 ሜትር፣ ወርዷ 6 ሜትር ገደማ፣ ምሰሶዋም አንድ ነበር። ዓላማው ከአትላንቲክ ወደ ፓሲፊክ በካናዳ ሰሜን በኩል የሚያሻግረውን፣ እስከዚያ ቀን ማንም በአንድ መርከብ ያልጨረሰውን በረዷማ መንገድ መክፈት ነበር። ከእሱ በፊት በ1845 የእንግሊዝ ባሕር ኃይል በሰር ጆን ፍራንክሊን አዛዥነት ሁለት መርከቦችና 129 ሰዎች ልኮ አንድም አልተመለሰም። የሚገርመው እነዚያም መርከቦች አሮጌ መሆናቸው ነው፤ አንዷ በ1813፣ ሌላዋ በ1826 ለጦርነት የተሠሩ ሲሆኑ ለጉዞው ሲባል የባቡር እንፋሎት ሞተር ተገጥሞላቸዋል። ሐሳቡ አንድ ዓይነት ነበር። አሙንድሰን የለየው በትንሽነት ነው፦ ጥልቀት በሌለው ውሃ የምታልፍ ጀልባ፣ አድነው ሊበሉ የሚችሉ 7 ሰዎች።

የገዛትን ጀልባ ግን ወዲያው አላፈረሳትም፤ ይህ ብዙ አዲስ ባለቤት የማይታገሠው ነገር ነው። በመጀመሪያው በጋ እንዳለች ይዟት ወደ አርክቲክ ባሕር ወጣ፤ በበረዶ መካከል እንዴት እንደምትሄድ፣ የት እንደምታፈስ፣ ምን እንደሚጎድላት አየ። እድሳቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የአካሏ ውጫዊ ገጽ በረዶ እንዳይፈቀፍቀው በባሉጥ ጣውላ ተደረበ፤ ውስጧ በወፍራም ወጋግራ ተደገፈ፤ የነዳጅ ታንከሮች ገቡላት። ሞተሯ «ዳን» የተባለ፣ በነጭ ጋዝ የሚሠራና 13 የፈረስ ጉልበት ያለው ነበር፤ ዛሬ መንገድ ላይ ያለ መለስተኛ ሞተር ብስክሌት ከዚያ ይበልጣል። ዕዳው አብሮ አደገ። አበዳሪዎቹ ሊያስይዟት ሲያስፈራሩ አሙንድሰን በጁን 1903 በእኩለ ሌሊት በዝናብ ከክሪስቲያኒያ (ከዛሬዋ ኦስሎ) ሹልክ ብሎ ወጣ።

የሸራውም የሞተሩም ኃይል ዋጋ ከኦገስት 1903 መጨረሻ ጀምሮ በጥቂት ቀናት ውስጥ ታየ። መጀመሪያ የሞተሩ ክፍል ውስጥ እሳት ተነሳ። ጀልባዋ ነጭ ጋዝ የሞላባቸው ታንከሮች ተሸክማለች፤ ሰዎቹ ያገኙትን ውሃ ሁሉ እያፈሰሱ አጠፉት። በዚያው ቀን አንዱ ታንከር ማንጠባጠቡ ታይቶ ይዘቱ ወደ ሌላ ተገልብጦ ነበር። እሳቱ ከጠፋ በኋላ ሲጸዳ የባዶው ታንከር ቧንቧ በግርግሩ መሃል ተጠምዝዞ ተነቅሎ ተገኘ። ትንሽ ፍሳሽ ነው ተብሎ ለነገ ቢተው ኖሮ የጉዞው መጨረሻ ያ ነበር። ወዲያው ደግሞ ጀልባዋ ማቲ ደሴት አጠገብ ከውሃ በታች ካለ ቋጥኝ ላይ ወጣች። 13 የፈረስ ጉልበት ምንም አልፈየደም። ነፋሱ እየበረታ ሲሄድ ከወለሉ ላይ ለውሾች የተጫነውን የምግብ ሣጥን ባሕር ውስጥ ወረወሩ፤ ሸራውን በሙሉ ሰቀሉ። ነፋሱ ጀልባዋን እያነሳ በቋጥኙ ላይ እያፈረጣት ወደ ማዶ አሻገራት፤ ከሆዷ ሥር ለመከላከያ የተደረበው ግንድ ተሰነጣጥቆ ፍንካቹ ውሃው ላይ ተንሳፈፈ። የተደረበው እንጨት የተሠራው ለዚህ ነበር፤ እሱ ሲሰበር ዋናው ተረፈ።

ሁለት ክረምት በኪንግ ዊልያም ደሴት፣ ሦስተኛውን ደግሞ በካናዳ ሰሜን ምዕራባዊ ጠረፍ በበረዶ ተይዛ ካሳለፈች በኋላ ዮአ በኦገስት 1906 አላስካ ውስጥ ኖም ደረሰች፤ በዚያው ዓመት ሳን ፍራንሲስኮ ገባች። በ1909 ለከተማዋ ተሰጥታ በጎልደን ጌት መናፈሻ ዳር መሬት ላይ ተቀመጠች። ክብር ቢሆንም ለጀልባዋ ከበረዶው የከፋ ሆነ። እንጨቷ ደረቀ፤ ስንጥቋ ተከፈተ፤ ዝናብና የባሕር ጭጋግ ከላይ ገቡባት፤ ሰዎችም እየሰረቁ እያበላሹ ቆራረጧት። በ1930ዎቹ መጨረሻ ፍርስራሽ ልትሆን ተቃርባ ነበር፤ ሁለተኛው የዓለም ጦርነትም ጣልቃ ስለገባ ጥገናዋ የተጠናቀቀው በ1949 ነው። በ1972፣ በተሠራች በመቶ ዓመቷ፣ ወደ ኖርዌይ ተመለሰች። ዛሬ ኦስሎ ውስጥ ጣራ ባለው ቤት ትገኛለች።

ሞተር በነፍስ አድን ጀልባ ላይ ሲገባ ደግሞ ክርክሩ ሌላ መልክ ያዘ። የእንግሊዝ የነፍስ አድን ተቋም በ1904 የሞከረው አዲስ ጀልባ ሠርቶ አልነበረም፤ ለዓመታት በመቅዘፊያና በሸራ ያገለገለ አንድ ጀልባ አውጥቶ ሞተር ገጠመለት። ጀልባው በ1905 ታይንማውዝ ሲላክ የአካባቢው ቀዛፊዎች በማዕበል መሃል ድንገት ጸጥ ሊል በሚችል ማሽን ነፍሳችንን አንሰጥም ብለው ሊሳፈሩበት አልፈለጉም። ያሳመናቸው ኸርበርት በርተን የተባለ የጦር ሠራዊት መሐንዲስ መኮንን ነው። ፍርዱ የተሰጠው በኦክቶበር 1914 መጨረሻ ነው። «ሮሂላ» የተባለች የሆስፒታል መርከብ ዊትቢ አጠገብ ቋጥኝ ላይ ወጥታ ተሰበረች፤ በመቅዘፊያ የሚሄዱት ጀልባዎች የተወሰኑ ሰዎችን ካወጡ በኋላ መቅረብ አቃታቸው። ከታይንማውዝ የተነሳ ሌላ ባለሞተር ጀልባ 70 ኪሎ ሜትር ያህል በሌሊት በማዕበል ተጉዞ መጣ፤ ማዕበሉን ለማብረድ ዘይት ውሃው ላይ አፍስሶ ተጠጋና የቀሩትን 50 ሰዎች ይዞ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ሞተር አይታመንም የሚለው ክርክር ጉልበት አጣ።

በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል እነዚህ ጀልባዎች ከሥራ ወደ መዝናኛ መተላለፍ ጀመሩ። የዓሣ ገበያው ሲወድቅና የብረት መርከቦች ሲበዙ የእንጨት ዓሣ ማስገሪያዎች በርካሽ ይሸጡ ነበር፤ የነፍስ አድን ተቋሞችም ያረጁ ጀልባዎቻቸውን ለሕዝብ ያወጡ ነበር። ገዢው አስተማሪ፣ ሐኪም ወይም ጡረታ የወጣ መኮንን ነው፤ ለውድድር ጀልባ የሚሆን ሀብት የለውም። የዓሣ ማከማቻው መኝታ ቤት ሆነ፤ መሪው ያለበት ቦታ ጣራና መስኮት አገኘ። ስሕተቶቹም ከዚሁ ተወለዱ። ነፍስ አድን ጀልባ ዝቅ ብሎ ክብደቱን ከሥር እንዲይዝ የተሠራ ነው፤ ከላዩ ላይ ትልቅ ቤት ሲጫንበት ይወዛወዛል። አካሉም ለቤት አናጺ የሚመች አይደለም፤ ሁለት ድርብ ስስ የማሆጋኒ ሳንቃ በአግድሞሽ ተጠላልፎ በመካከሉ ዘይት የጠጣ ጨርቅ ተነጥፎበታል። አዲስ ሳለ እንደ እሱ የሚጠነክር የለም። ውሃ በመካከሉ ከገባ በኋላ ግን የውስጡን ሳንቃ ለመድረስ የውጭውን በሰፊው መንቀል ግድ ነው፤ ብዙ ባለቤቶች ተስፋ የቆረጡት እዚህ ላይ ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሠሪዎቹ ራሳቸው ገበያውን አዩት። በስኮትላንድ ሴንት ሞናንስ የሚገኘውና ከ18ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የዓሣ ጀልባ ሲሠራ የኖረው የሚለር ቤተሰብ የጀልባ መሥሪያ (ያርድ) የዓሣ ጀልባ ቅርጽ ያላቸውን፣ ነገር ግን ከመጀመሪያው ለመዝናኛ የታሰቡ ባለሸራ የሞተር ጀልባዎች ማውጣት ጀመረ። ፋይበር ግላስ ሲመጣ ደግሞ ያ ቅርጽ በፎርማ ሊባዛ ቻለ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በእንግሊዝ ሃምብል ወንዝ ዳር ፌርዌይስ ማሪን የተባለ ድርጅት ያወጣው «ፊሸር 30» የሰሜን ባሕር ዓሣ ጀልባን ከነቅርጹ የወሰደ ነው፤ ከፍ ያለ አፍንጫ፣ ሰፊ ሆድ፣ ወደ ፊት የተዘነበለ መስኮት ያለው የመሪ ክፍልና ሁለት ምሰሶ። ርዝመቱ 9 ሜትር ብቻ ቢሆንም ክብደቱ ከባድ ነው። ፊንላንድ ውስጥ ሲልታላ የተባለ ያርድ «ናውቲካት»ን አወጣ። በኤሴክስ የነበረው ኮልቪክ ደግሞ ባዶውን አካል ለገዢ መሸጥ ጀመረ፤ ውስጡን ገዢው በጓሮው ራሱ ይጨርሰዋል። በዚህ የተነሳ ሁለት የኮልቪክ ጀልባዎች ከውጭ መንታ ሆነው ከውስጥ ፈጽሞ አይመሳሰሉም፤ የአንዱ የኤሌክትሪክ ሽቦ በሙያተኛ የተዘረጋ፣ የሌላው እጅ ባመጣው ሽቦ የተቀጣጠለ ነው።

ፋይበር ግላስ አይበሰብስም ተብሎ ተሽጦ ነበር። እስከ አንድ ልክ እውነት ነው። ግን ውሃ በዝግታ ይጠጣል፤ የገባው ውሃ በውስጡ በደንብ ካልተዋሐደው ኬሚካል ጋር ተገናኝቶ አሲድ ይሆንና ከቀለሙ ሥር ውሃ የቋጠረ እብጠት ያወጣል። እብጠቱ ሲፈርጥ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ይህ ብዙ ባለቤቶችን አስደንግጧል፤ ላዩን ልጦ ለወራት ማድረቅና በኢፖክሲ መሸፈን ትልቅ ሥራ ሆነ። ሲታይ ያስፈራል እንጂ ጀልባ ያሰጠመበት ጊዜ ጥቂት ነው። የበለጠ የሚጎዳው ወለሉ ነው። ወለሉ ቀላል እንዲሆን በሁለት የፋይበር ንጣፎች መካከል ባልሳ እንጨት ይቀመጥበታል፤ አንድ ብሎን በትክክል ካልታሸገ ዝናብ በቀዳዳው ይገባና እንጨቱን ያላሽቀዋል። መርማሪው ትንሽ መዶሻ ይዞ ወለሉን እያንኳኳ ይሄዳል፤ ደኅናው ይጮኻል፣ የላሸቀው ድምፁ ይታፈናል። በእንጨት ጀልባ ላይ የወታፊው ጆሮ ይሠራው የነበረውን ሥራ በፋይበር ዘመን የመርማሪው ጆሮ ወርሶታል። ጠላቱም ያው ዝናብ ሆኖ ቀርቷል።

ሞተሩ የራሱ ዕድሜ አለው። በዚያ ዘመን ጀልባዎች ላይ በብዛት የሚገኘው የፐርኪንስ 4.108፣ ባለ 4 ሲሊንደርና 1.76 ሊትር የናፍጣ ሞተር ነው፤ ፐርኪንስን የኢትዮጵያ አንባቢ ከማሴ ፈርጉሰን ትራክተር ጋር ያውቀዋል። ሞተሩ ጠንካራ ነው፤ የሚገድለው ባሕሩ ነው። የጨው ውሃ ሙቀት ለመለዋወጥ በሚያልፍባቸው ቧንቧዎች ውስጥ ጨው ይጋግራል፤ መተላለፊያው ሲጠብ ሞተሩ ይግላል፤ የቴስታታው ጋርኒሲዮን ይቃጠላል። ሁለተኛው ጣጣ ናፍጣው ነው። ለዓመታት የቆመ ታንከር ሥር ውሃ ያቁራል፤ በውሃውና በናፍጣው ድንበር ላይ ረቂቅ ተሕዋስያን ይራባሉ፤ ጥቁር አተላም ይዘቅጣል። ወደቡ ውስጥ ሞተሩ ያለ እንከን ይሠራል። ጀልባው ማዕበል ላይ ሲወጣ ግን አተላው ተበጥብጦ ፊልትሮውን ይዘጋውና ሞተሩ በጣም በሚፈለግበት ሰዓት ይጠፋል። ልምድ ያለው ገዢ ሞተሩን ከመነካካቱ በፊት ታንከሩን የሚያጥበው ለዚህ ነው።

ከውሃ በታች ያሉት የብረት ዕቃዎች የተለየ ታሪክ አላቸው። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መርከቦቹን ከትል ለማዳን ሆዳቸውን በመዳብ ሲያለብስ ጨዋማው ውሃ መዳቡን ይበላው ነበር። በ1824 ሃምፍሪ ዴቪ የተባለው ሳይንቲስት በመዳቡ ላይ ትንሽ ዚንክ ወይም ብረት ቢያያዝ ባሕሩ ያንን በልቶ መዳቡን እንደሚተው አሳየ። ትክክል ነበር፤ ግን ያልሟሟ መዳብ የባሕር ዛጎሎችን መግደል አቆመና መርከቦቹ በዛጎል ተሸፍነው ቀርፋፋ ሆኑ። ሐሳቡ ለመዳብ ልብስ ባይሆንም ለፕሮፔለርና ለዘንግ ተረፈ፤ ዛሬም በብዙ ጀልባዎች ሥር ሊበላ የተቀመጠ የዚንክ ጉርድ አለ። ባለቤቱ ካልተካው ተራው የሌላው ይሆናል፤ ውሃ የሚያስገቡና የሚዘጉ የናስ ቫልቮች ውስጣቸው ያለው ዚንክ ተበልቶ መልካቸው ሳይለወጥ ይሰባበራሉ። ምርመራው ቀላል ነው፦ በቢላዋ ጫፍ ይጫራል። ቢጫ ሆኖ ካበራ ደኅና ነው፤ ሮዝ ሆኖ ከታየ ቫልቩ በማግስቱ በእግር ቢነካ ሊሰበርና ጀልባውን ሊያሰጥም ይችላል። አዲስ ባለቤት ገንዘቡን ለመቀመጫ ጨርቅና ለቨርኒሽ ከማውጣቱ በፊት እነዚህን ቢጭር ይሻለዋል።

የእንጨቶቹ ዓሣ ጀልባዎች ሰንሰለት በ1990ዎቹ በድንገት ተበጠሰ። የባሕሩ ዓሣ ስለተመናመነ የአውሮፓ መንግሥታት የዓሣ ፈቃዱን ለሚመልስ ሰው ካሳ ሰጡ፤ በብሪታንያ የካሳው ቅድመ ሁኔታ ጀልባው እንዲፈርስ ነበር። ገና ደኅና የነበሩ፣ ገዢ የተዘጋጀላቸው የባሉጥ ጀልባዎች ጭምር በቁፋሮ ማሽን ተጨፍልቀው ወደቡ ዳር ተቃጠሉ። ዓሣውን ለማዳን የታሰበው ሕግ የጀልባውን ሁለተኛ ሕይወት አብሮ ቆረጠው፤ ፈቃዱን ሰርዞ ጀልባውን መተው ይቻል ስለነበር ያ ጥፋት አላስፈላጊ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብሪታንያ ታሪካዊ መርከቦቿን የሚመዘግብ ብሔራዊ ተቋም አላት፤ መመዝገቢያው ከ50 ዓመት በላይ ዕድሜና ቢያንስ 33 ጫማ፣ ማለት 10 ሜትር ያህል ርዝመት ነው። የመጀመሪያዎቹ ፊሸር 30ዎች 50 ዓመታቸውን አልፈዋል፤ በርዝመታቸው ግን ከመስፈርቱ በታች ናቸው። ትናንሾቹን የሚመዘግበው በኮርንዎል የሚገኘው የባሕር ሙዚየም ነው። በሁለቱም ዘንድ መመዝገብ ብቻውን የጥገና ገንዘብ አያስገኝም፤ ወጪው የባለቤቱ ነው።